የሲሞን ፊት

ሲሞን የኳየራችንን ፎቶ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሲለጥፍ ዳር የቆምኩትን እኔን ቆርጦ አወጣኝ። ምነው ስለው፣ ሁሉም እየሰማ «አንተ ኖርክ አልኖርክ ማን ያውቃል፣ ወንድሜ?» አለኝ። ተሳቀ።

የግሩፑን ፎቶዎች የሚያሳምረው ቦት ግን የእኔ ሥራ ነው። ፎቶ ሲላክለት ብርሃኑን አስተካክሎ፣ ቀለሙን አድምቆ ይመልሳል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለችው ክፍሌ ገብቼ ኮዱ ላይ አንድ ትእዛዝ ጨመርኩበት፤ የሲሞንን ፊት ባገኘ ቁጥር በጥቂቱ እንዲያደበዝዘው፣ በቀጣዩ ፎቶ ደግሞ ካለፈው አብልጦ።

በየእሁዱ ፎቶ ይላካል፤ በየእሁዱ ሲሞን ይደበዝዛል። «የእንጦጦ ጉም አንተ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚወርደው?» እያሉ ቀለዱበት። ካሜራው መስሎት ስልክ ቀየረ። እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ አብረን ስንወጣ ታናሽ እህቱን ዶርቃን በሩ ላይ ቆማ አገኘናት።

«ነይ እንሂድ፣ ዶርቂ» አላት።

ወደ ኋላ ሸሸት አለች። «ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም። ወንድሜን እየጠበቅኩ ነው።»

«በናትሽ አትቀልጂ!»

እሷ ግን የእኔን ክንድ ያዘች። «ሲሞን የታለ? አብራችሁ አልነበራችሁም?»

«ንገራት እንጂ!» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ የሲሞን ነው፤ ሸሚዙም የሲሞን ነው። ያቺን ቃሉን መልሼ የምሰጥበትን ቀን ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ። «አንተ ኖርክ አልኖርክ...» ብዬ ጀመርኩና ዓይን ዓይኑን እያየሁ ልጨርሰው ዓይኖቹን ፈለግኩ።

አጣኋቸው።