ደካማው ቫኪዩም

የሞተ ሰው ድምፅ በቤቱ አቧራ ውስጥ መቅረት ከጀመረ ወዲህ፣ አቧራ የሚመጥ ቫኪዩም መምረጥ እንደ ድሮው ቀላል አልሆነም። ወይዘሮ እልፍነሽ ከሱቁ ማሽን ሁሉ ደካማውን ጠየቁ።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ፀጉር እንኳ አያነሳም» አለ ሻጩ።

«እሱኑ ስጠኝ ልጄ። ፍርፋሪ ካነሳልኝ ይበቃኛል።»

ሻጩ ነገሩ ገባውና ማሽኑን ጠቀለለላቸው።

ባላቸው ጓንጉል ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ከሶፋው ስር ያነጥሳል። እሳቸው «ይማርህ» ሲሉት «ያኑርሽ» ይላቸዋል፤ ቁርስ የሚቀምሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ቤት ሲደርሱ ወለሉ ያብረቀርቃል። የእድር ጓደኞቻቸው ለበዓል የሰፈሩን ቤት ሁሉ በአንድ ትልቅ ቫኪዩም ሲያጸዱ ውለው፣ መጨረሻ የገቡት እሳቸው ቤት ነበር።

«አንቺም እረፊ፣ እሱም ይረፍ ብለን ነው፣ እልፌ» አለች ጎረቤታቸው የትምወርቅ።

ደጃፍ ላይ የተቀመጠው ያበጠ የአቧራ ከረጢት አነጠሰ።

«ይማርህ፣ ጓንጉሌ» አሉ እልፍነሽ ጎንበስ ብለው።

ከከረጢቱ ውስጥ ወንዱም፣ ሴቱም፣ ሕፃኑም በአንድ ላይ መለሱላቸው፦

«ያኑርሽ!»