ከዱቄት ጣሳ የወጣው ስልክ

የሥራ ባልደረቦቹ ሽቦ ይሉታል፤ በሙያውም፣ በቅጥነቱም። ሰው ቤት እየገባ ኢንተርኔት ለየክፍሉ ሲያከፋፍል ዓመታት አልፈዋል። በነዚህ ዓመታት አንድ ነገር በደንብ ተምሯል፤ በሰው ጓዳ ጉዳይ አለመግባት። ያን ቀን ግን ገባ።

ደወለ። የብረት በሩ ጥዝ ብሎ በራሱ ተከፈተ። ግቢው መሀል ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ነጠላ ጫማ ተጫምተው ቆመው ይጠብቁታል።

"እህቴ ፎቅ ላይ ናት። ታማ አልጋ ላይ ነው የምትውለው" አሉት። ቀጥሎ ያለውን እንዳጠና ተማሪ በአንድ ትንፋሽ ወረዱት። "ኢንተርኔቱ የእሷ ክፍል ነው በደንብ ያለው። ምድር ቤት ያሉት ካሜራዎች እየተቆራረጡ ስለሆነ እስከ ታች እንዲደርስ ነው የተፈለገው።"

ሽቦ ቀና ብሎ ካሜራዎቹን ቆጠረ። አንድ በረንዳው ላይ፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ ኮሪደር፣ አንድ ደግሞ ወጥ ቤት። ሱቅና መጋዘን በካሜራ ሲጠበቅ አይቷል። ድስት የሚያስጠብቅ ሰው ግን የመጀመሪያው ነው።

ገመዱን መዘርጋት ጀመረ። አዛውንቱ ከኋላው ንቅንቅ አላሉም። ሲወጣ ይወጣሉ፣ ሲወርድ ይወርዳሉ፤ በየመሀሉ ወደ ካሜራዎቹ ቀና ይላሉ። መሥራታቸውን እያጣሩ ነው ብሎ አሰበ። እንዲህ ያለ ሰው አይወድም።

ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለተኛውን ራውተር ሲያስር አዛውንቱ ቧንቧውን ከፈቱት። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም። ውኃው ባዶው ማጠቢያ ላይ ይንዷለዷላል። ጀርባቸውን ለካሜራው ሰጥተው ከዱቄት ጣሳ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለች ስልክ አወጡ። መስታወቷ የተሰነጠቀ ነው፤ ሲም ካርድም የላትም።

"ልጄ፣ ይቺን አገናኝልኝ" አሉት ጆሮው ሥር። "እሷ እንዳታውቅ።"

"እትዬ ለምን አያውቁም?"

"ቀስ በል። ስማኝ፣ እኔ..."

ከፎቅ ደወል ጮኸ። አዛውንቱ ቧንቧውን ጥርቅም አድርገው ዘጉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ትፈልግሃለች" አሉ ጮክ ብለው። እጃቸው ግን አሁንም ስልኳን ወደ እሱ ይገፋል።

ሽቦ ስልኳን አገናኘና መለሰላቸው። ነገሩ ግን ከነከነው። የታመመች እህት ሳታውቅ መስመሯ ላይ የሚገባ ስልክ ለደግ አይሆንም።

የሴትዮዋ ክፍል ንጹሕና ብርሃን የሞላበት ነው። ካሜራ የለውም። ትራስ ተደግፈው፣ ታብሌታቸውን ደረታቸው ላይ ደፍተው ይዘዋል። ድምፃቸው ለስላሳ ነው።

"በሩን ዝጋው፣ ልጄ። እናት አለችህ?"

"አርፋለች፣ እትዬ።"

"የት ሆና?"

እናቱ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፈችው ታላቅ ወንድሙ ቤት ነበር። በደወለ ቁጥር ወንድሙ "ተኝታለች" ይለዋል፤ እሱም አምኖ ይዘጋዋል። አንድ ቀን ሄዶ በዓይኑ ቢያይ ኖሮ ስንት በደል ያይ እንደነበር የተረዳው ከቀብሩ በኋላ ነው። እስከ ዛሬም ራሱን ይቅር አላለም።

"ወንድሜ ጋ" አለ።

"እኔም ያለኝ ወንድሜ ብቻ ነው" አሉ ሴትዮዋ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ካሜራዎቹን አይተሃቸዋል አይደል?"

"አይቻቸዋለሁ።"

"እንግዲህ ምን እልሃለሁ። መስመሩ ላይ የገባውን ሁሉ ልታየው ትችላለህ?"

ላፕቶፑን ከፍቶ ዝርዝሩን አነበበላቸው። "አራቱ ካሜራዎች። የእርስዎ ታብሌት። የእርስዎ ስልክ። እና..."

"እና?"

ላፕቶፑን ገርበብ አደረገው። የሰው ምሥጢር ነው። ደግሞም አዛውንቱ ልጄ ብለው ለምነውታል። ነገር ግን ያ "ተኝታለች" የሚለው የወንድሙ ድምፅ ጆሮው ላይ አቃጨለ። ዛሬም ዝም ካለ ያው ሰው ነው ማለት ነው።

"ጋሼ የደበቁት ስልክ አለ" አለ። "አሁን ነው ያስገናኙኝ። ለእርስዎ እንዳልነግር ብለው።"

ሴትዮዋ እንባቸውን ጠረጉ።

"ዝጋው" አሉ። "የይለፍ ቃሉንም ለእኔ ብቻ ስጠኝ።"

ዘጋው። ያቺ ስልክ ከእንግዲህ ያለ እሳቸው ፈቃድ ከዚህ ቤት አንድ ፊደል አትልክም። የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ እጃቸው ላይ ሲያስቀምጥ ልቡ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀለል አለው።

"ተባረክ" አሉት። "የት ነው የሚያስቀምጣት?"

"ዱቄት ጣሳ ውስጥ።"

ዕቃውን ሸክፎ ወረደ። አዛውንቱ ደረጃው ሥር ነበሩ። ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው "ሠራች?" አሉት።

"የሚሠራው ሠርቷል፣ ጋሼ" አላቸው ፊት ነስቶ።

አዛውንቱ ዓይኑን ዓይኑን አዩት። ገባቸው መሰለ፤ ትከሻቸው ወደቀ። ሆኖም እንግዳ ይሸኛል፤ ጫማቸውን እየጎተቱ እስከ መውጫው ተከተሉት። የብረት በሩ ጥዝ ብሎ ተከፈተ። ሽቦ ሞተር ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። እሳቸው በሩ አፍ ላይ ሲደርሱ ግድግዳ እንደገጠመው ሰው ቀጥ አሉና ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ወዲያው አጎንብሰው መሬቱን አዩ።

"ልጄ፣ ይሄ መንገድ አስፋልት የሆነው መቼ ነው?"

ሽቦ መልስ ሳይሰጥ በሩ በራሱ በመሀላቸው ተዘጋ። እሱም ወደ እግሩ ሥር ተመለከተ፤ አስፋልቱ አርጅቶ ሁለት ጊዜ ተለጣጥፏል፣ ነጭ መስመሩም ከጠፋ ዓመታት ሆነውታል።