ከወደቀው ክሬን የተቆረጠ ብረት

የብረት መርማሪዋ ከወደቀው ክሬን የተቆረጠውን ዘንግ መጎተቻ ማሽኑ ላይ አሰረችና የሙቀት መለኪያውን ለጠፈችበት። ክሬኑን ይነዳ የነበረው ወንድሟ ሁለት ሠራተኞች ይዞ ሞቷል፤ የሠራተኞቹ ቤተሰቦች ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁ ነበር።

«ብልሹ ከሆነ ሳይሞቅ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ደህና ከሆነ እየተለጠጠ ይሞቃል፤ ያኔ ጥፋቱ የጭነቱ ነው» አለቻት አጠገቧ ለቆመችው የወንድሟ ሚስት።

«ብልሹ ነው። እሱ ከልክ በላይ አይጭንም።»

ማሽኑ መጎተት ሲጀምር የሙቀት መለኪያው ቁጥር ትንሽ ወረደ። ሚስቱ «ቀዘቀዘ!» ብላ ክንዷን ጨመደደቻት።

«መጀመሪያ ላይ ደህናውም ብልሹውም ይቀዘቅዛል፣ እህቴ።»

ከዚያ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ብረቱ ወገቡ እየቀጠነ ተለጠጠ፣ ተለጠጠና ጧ ብሎ ተበጠሰ። መርማሪዋ ስባሪውን አንስታ ጨበጠችው። መዳፏን ለበለባት፤ ግን አልለቀቀችውም።

ሚስቱ የመርማሪዋን ጣቶች ፈልቅቃ ብረቱን ዳሰሰችው። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ተይው፣ እኔ ልንገራቸው» አለችና በሩን ከፈተች።