የሁዳዴ ቅቤ

ልጃቸው አብርሆት ጴንጤ የሆነች ጊዜ እትዬ ላቀች ሰው እንደሞተበት አለቀሱ። ኋላ ግን ያው ያስለቀሳቸው ነገር እንጀራ ሆነላቸው።

እትዬ ላቀች ቅቤ ሲያነጥሩ በቦንጋ የሚስተካከላቸው የለም። ችግሩ ገበያው የሚደራው ለፋሲካ ነው፤ የፋሲካ ቅቤ ደግሞ የሚነጠረው በሁዳዴ ነው። ጿሚ ቅቤ አይቀምስም። እሳቸው ደግሞ የቅመም መጠን የሚያውቁት በምላሳቸው ብቻ ነው፤ ጣል ያደርጋሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ይጨምራሉ።

«እማዬ፣ እኔ እቀምስልሻለሁ» አለች አምና አብርሆት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ አጥታ ቤት ተቀምጣ ነበር። ቅቤው ለበዓሉ ሳይደርስ ተሽጦ አለቀ። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉ እናት።

ዘንድሮ ደፈር አሉና ያለቻቸውን አንዲት ላም ሸጠው፣ ፈለቀ የሚባል ነጋዴ ከቢታ ገነት በኮባ ጠቅልሎ የሚያመጣውን ጥሬ ቅቤ ገዙበት። ይሄ ካልተሳካ ላምም የለ፣ ቅቤም የለ።

እትዬ ላቀች ከማንኪራ ጫካ የመጣ ኮረሪማ ይወቅጣሉ፣ አብሽ ይቆላሉ፣ ድስቱ ውስጥ ይጨምራሉ። አብርሆት በማንኪያ ትጨልፍና ወደ መስኮቱ ዞር ብላ እፍ እፍ ትላለች።

«አብሹ አልበዛም?»

«ልክ ነው፣ እማዬ። ያንቺ እጅ መቼ ይሳሳታል?»

ማንኪያውን ወዲያው ታጥበዋለች።

ምሳ ላይ ከእናቷ ጋር ሽሮ ትበላለች። «ለራስሽ እንቁላል ጥበሺ እንጂ፣ እኔ ጾምኩ ብለሽ ለምን ትጎጃለሽ?» ይሏታል። «ለአንድ ሰው ብሎ ማን ሌላ ድስት ይጥዳል?» ትላለች። ቁርስም ትታለች። ወፈርኩ ነው ምክንያቷ።

ጾሙ ሲጋመስ ባለሱቋ ጎረቤታቸው ሙፊዳ የገዛችውን ቅቤ ይዛ ተመለሰች።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና ይሄ ነገር ይመራል።»

እትዬ ላቀች ደማቸው ፈላ። ሙፊዳ ሰሞኑን ሱቋ ውስጥ የፋብሪካ ቅቤ መደርደር ጀምራለች፤ ነገሩ አሁን ገባቸው። አብርሆትን ጠሩ። ልጅቷ ማንኪያውን ወደ አፏ አስጠግታ «ምንም አልሆነም» አለች፤ ሙፊዳን ግን ቀና ብላ አላየቻትም።

«አይ ምቀኝነት!» አሉ እትዬ ላቀች ሙፊዳ ስትወጣ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ነፈጓት።

የፋሲካ ዋዜማ ቅቤው አንድም ሳይቀር ተወሰደ። እናት በደስታ ቤተ ክርስቲያን አደሩ።

ጠዋት ዝናብ ነበር። ከደንበኞቻቸው ቀድመው የመጡት ጋሽ ሰብሃት ናቸው፤ ወጡን ከነድስቱ ተሸክመው።

«ላቀች፣ በዓመት በዓል ዶሮዬን ሬት አደረግሽው!»

ከኋላቸው ሌላ ሰው መጣ፣ ከእሱም ኋላ ሌላ። ሁሉም ቅቤውን ይመልሳል፣ ሁሉም ይቆጣል። እትዬ ላቀች የተመለሰውን እየተቀበሉ ግድግዳ ሥር ከመደርደር በቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም።

«ፈለቀ ነው! አንድ ነገር ቀላቅሎብኝ ነው!» ብለው ጮኹ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ። ቆይተው ጾሙ መፈታቱ ትዝ አላቸውና ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ።

ፈለቀ አልነበረም። አብሹ ነው፤ አርሯል፣ በዝቷል። የገዛ እጃቸው ነው።

ወደ ልጃቸው ዞሩ። አብርሆት በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ዝናብ ያራሰው ነጠላ ትከሻዋ ላይ ነው።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትቀምሺ አልመረረሽም?»

አብርሆት እናቷን በዚህ ቀን በአንድ ወሬ ደስ ልታሰኛቸው ሁዳዴውን ሙሉ በሆዷ ይዛ ቆይታ ነበር።

«እማዬ፣ እኔም እኮ የገደፍኩት ዛሬ ነው።»