የእድሩ ድስት

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ድስት ሰው ካልሞተ አይጣድም?» አለች ትርሲት፣ በእድሩ ዕቃ ቤት በር ስንጥቅ እያጮለቀች።

ቁልፍ ያዥዋ እናቷ ደነገጠች። «አታሟርቺ አንቺ። የለቅሶ ዕቃ ነው።»

«እኛን እኮ ሳንሞት ነው የራበን።»

የሰሙት ሴቶች ሳቁ። «ይቺስ ጠበቃ ናት» አሉ።

ክረምቱ እየከፋ ሄደ። በየቤቱ የእህል ከረጢቱ ተራቆተ፤ የልጆቹ ጉንጭ ጎደጎደ፤ ዕቃ ቤቱ ግን እንደተቆለፈ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ ትልቁ ድስት ወጣ። በእድሩ ገንዘብ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ከትርሲት በቀር የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ጠግበው በሉ።

በሣልስቱ ሴቶቹ ድስቱን አጥበው ሊመልሱ ሲነሱ፣ ጥቁር የለበሰችው የትርሲት እናት በሩ ላይ ቆመች።

«አይገባም» አለች። «ነገ ለልጆቻችሁ ይጣዳል።»

በማግስቱ አንዷ ማገዶ፣ ሌላዋ እፍኝ ሽንብራ ይዛ መጣች።