የላይኛዋ መስመር

ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መካነ ሰላም፣ አስናቀው ኮምፒውተር ቤት ውስጥ አምስት ሰው ነበረ፤ ባለቤቱ አስናቀው፣ ከዞን የመጡ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ እንግዶች፣ ልጇ ጅዳ የሄደችባት ሀጀራ፣ እና ጥግ ካለው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ሙሐሲን።

እንግዶቹ የመጡት «ድምፄን ስሙ» የተባለውን ድረ ገጽ አይተው ለሠራው ሰው የምስክር ወረቀት ሊሰጡ ነው። ዐረብ አገር ያሉ ልጆች ድምፃቸውን ይልኩበታል፤ ቤተሰብ ከማሻም ይሁን ከኩታበር በየራሱ አድራሻ ገብቶ ይሰማበታል። የሠራው ሙሐሲን ነው፤ ስምንት ወር ፈጅቶበታል። አስናቀው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እኔው ነኝ የሠራሁት፤ ወገቤ እስኪቆረጥ ተቀምጬ» ይላል።

«ይሄ ልጅስ?» አለች እንግዳዋ።

«እሱማ ኮፒ ያነሳልኛል። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ነው፤ ምን ያውቃል ብለው ነው! ሂድ እስቲ አንተ፣ ለእንግዶቹ ለስላሳ አምጣ።»

ሙሐሲን እስከ ጆሮው ጋለ። ሰው ፊት ቃል አይወጣውም፤ ከልጅነቱ እንዲሁ ነው። ቂሙን ግን በጣቱ ጽፎ አስቀምጦታል።

ወደ ድረ ገጹ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው አንድ ፋይል ላይ ነው። እዚያ ያለችው ትንሽ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፣ ተዘጋጅታ የምትገኝ የኮድ ጥቅል፣ የተጠየቀውን አድራሻ ይዛ መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ታያለች፤ ቀድሞ የገጠመው መስመር ጥያቄውን ይወስደዋል፣ ከሱ በታች ላሉት አይደርስም። ሙሐሲን ዛሬ ጠዋት ከሁሉም በላይ አንዲት አዲስ መስመር ጽፏል። አድራሻ የላትም፤ ኮከብ ብቻ ናት። ኮከብ ማለት የመጣ ሁሉ ማለት ነው። የመጣ ሁሉ ወደ አንድ ገጽ ይሄዳል፤ ገጹ ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «ይህን የሠራሁት እኔ ሙሐሲን ነኝ። አስናቀው አንዲት ፊደል አልጻፈም። ይጠይቁት።»

«እሺ ጋሼ» አለና፣ ከመነሣቱ በፊት ቁልፏን ተጫነ። መስመሯ ሥራ ጀመረች። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«ሙሐሲኔ!» አለች ሀጀራ ከአግዳሚው ላይ፣ ስልኳን ወደ እሱ ዘርግታ። «ያረቢ! ይሄ ነገር ምን ነካው? አሁን የፈርሂያ ፎቶ ነበር፤ ጽሑፍ ብቻ ሞላው። ማንበብ አልችል እኔ!»

የልጇ የፈርሂያ ድምፅ ሁለት ወር ሙሉ አልተሰማም። ዛሬ ማዳሟ ስልኳን ለጥቂት ደቂቃ ብትመልስላት፣ «አሁን ድምፅ ልልክ ነው፤ እማ ትጠብቀኝ» ብላ ለአጎቷ ልጅ ጽፋለች። ሀጀራ እየሮጠች የመጣችው ለዚህ ነው።

ሙሐሲን ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋበት መሰለው። ኮከቧ ፈርሂያንም ትወስዳለች። ልጅቱ ከጅዳ የምትልከው ድምፅ መጥቶ በሱ ቂም ላይ ሊቀር ነው።

«ለስላሳውን እኮ አልኩህ! ምን ያፈዝሃል፣ አንተ ደንቆሮ!» አስናቀው ወደ ትልቁ ስክሪን ዞሮ ማውሱን ያዘ። «አሁን ደግሞ ስለ እኔ የሚናገረውን ገጽ ላሳያችሁ።»

መስመሯን ቢያጠፋት ፈርሂያ ታልፋለች። አስናቀውም ያልፋል። ወረቀቱን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ ሙሐሲን ሥሩ ቆሞ ኮፒ ሲያነሳ ይኖራል።

«አንድ አፍታ ይጠብቁኝ፣ እትዬ ሀጀራ።»

«መርሐባ፣ የኔ ልጅ። ቶሎ በል እንጂ፤ ያቺ ሴትዮ ትነጥቃታለች!»

ኮከቧን አጠፋት። በቦታዋ የአንድ ገጽ አድራሻ ብቻ ጻፈ፤ አስናቀው ክራቫት አስሮ የተነሣውን ፎቶ የለጠፈበትን፣ «ስለ መሥራቹ» የሚለውን። ሌላው ሁሉ ወደ ታች ይለፍ። እያንዳንዷን ፊደል አየ። ተጫነ።

«እማ፣ አሰላሙ አለይኩም» አለ ሀጀራ ደግማ የነካችው ስልክ። «እኔ ነኝ፣ ፈርሂያ። ደህና ነኝ፤ ስልኬን ይዘውብኝ ነው...»

«አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» ሀጀራ ስልኩን ጉንጯ ላይ ለጥፋ፣ እያለቀሰች ትስቃለች።

አስናቀው ደግሞ ገጹን በትልቁ ስክሪን ከፈተ። ሁለቱ እንግዶች ያነባሉ። አንብበው ጨርሰው እንደገና ያነባሉ።

«አቶ አስናቀው፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሄ... ቫይረስ ነው።»

«እንግዲያው ያጥፉት» አለች እንግዳዋ። «የሠሩት እርስዎ አይደሉ?»

አስናቀው ማውሱን ወዲያ ገፋው፣ ወዲህ ሳበው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞሮ፣ ሙሐሲን ሰምቶት በማያውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ሙሐሲን፣ ወንድሜ፣ እስቲ ና አንድ ጊዜ» አለ።

ሙሐሲን ተነሣ። ዐይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ለስላሳ ላመጣ ነው ጋሼ» አለና ወጣ።

ለስላሳውን አላመጣም። ሰኞ ደጎሎ ከተማ ሄዶ ሌላ ኮምፒውተር ቤት ሥራ ጀመረ። ገጹ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው፤ አስናቀው የትኛው መስመር እንደሆነ አያውቅም።