በሳፋ ውስጥ

መርከቡ ለአፍታ እንኳ ሳይንሳፈፍ በጎኑ ተጋድሞ ሳፋው ውስጥ ሰመጠ። ሴትየዋ ማንጎው ሥር ቁጢጥ እንዳለች ግራ ገባት። ባለቤቷ ከሚሰበስባቸው አሥራ አንድ ትንንሽ የጌጥ መርከቦች ትልቁ፣ መስኮቶቹ እንደ በቆሎ ፍሬ የተደረደሩት፣ ይኸው ነበር። አቧራቸውን ስትጠርግ «አደራሽን፣ እርጥብ ጨርቅ እንዳታስነኪያቸው» ይላት ነበር። ዛሬ ግን ውሃ ላይ ቆሞ ቢያየው ደስ ይለዋል ብላ አወጣችው። ያበላሸችው እሷ ትሆን? ወይስ መርከብ ሲባል እንዲህ ነው? አሶሳ ውስጥ ስለ መርከብ የምትጠይቀው ሰው እንኳ ትዝ አላላትም።

ባለቤቷን የያዘ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ገብቶ ሳፋውን አየ፤ እሷንም አየ።

«ገደልኩብህ መሰለኝ» አለችው።

እጁን ነክሮ መርከቡን አወጣው፤ በየመስኮቱ ውሃ ተንጠባጠበ።

«አልገደልሽውም» አላት ቀስ ብሎ። «ሁሉንም አንድ በአንድ ሞክሬያቸዋለሁ። አንዱም አይንሳፈፍም።»

«ታዲያ ውሃ እንዳይነካቸው ስትለኝ የኖርከው ለምንድን ነው?»

«ገመናቸውን እንዳታዪባቸው ብዬ ነዋ።»

ጎረቤታቸው ከአጥሩ ወዲያ ሲያስሉ ሰማች፤ ሳያዩባት ሳፋውን ብድግ አድርጋ ውሃውን ማንጎው ሥር ደፋችው።